የጣት ደም የማይነግረን

«ወባ የለባትም ካላችሁ፣ ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያንቀጠቅጣት ልጄ?»

የጠየቁት አማቷ ናቸው። የላብራቶሪው መስኮት ላይ ቆመው የውጤቱን ወረቀት መልሰው ዘረጉልኝ። ምራታቸው በዚያ ሁሉ የድሬ ሙቀት ጋቢ ተከናንባ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት አለባት። ወረቀቱ ላይ ግን «የወባ ተሕዋስ አልታየም» ከሚለው በቀር የተጻፈ ነገር የለም።

አዋላጇ «አብሽሪ» እያለች ደግፋ አስተኛቻት፤ ቢኤፍ (ደሙ ስላይድ በሚባል መስታወት ላይ ተዘርግቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት የወባ ምርመራ) በማግስቱ ጠዋት እንዲደገምም ታዘዘ። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ወደታየው ነገር እመለስበታለሁ። የእማማ ጥያቄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ መልሱ በመስኮት ጎንበስ ብለው ተናግረው የሚጨርሱት አይደለምና። ነፍሰ ጡር ላይ ወባ የለም የሚል አንድ ውጤት የሚናገረው በዚያች ሰዓት ከጣቷ ስለተወሰደው ደም ብቻ ነው። ስለ እንግዴ ልጁ የሚለው ነገር የለም። ይህን ሐኪሙም፣ አዋላጇም፣ ባልም፣ አማትም ቢያውቁት የሚተርፍ ሰው አለ ብዬ ስለማምን በዝርዝር ላስቀምጠው።

ተሕዋሱ የሚሸሸግበት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነፍሰ ጡሯ ግን ምንም አልደበቀችም፤ የሚደበቀው ራሱ በሽታው ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ 48 ሰዓት ገደማ የሚወስድ ዑደት አለው። በመጀመሪያው ቀን ገና የቀለበት ቅርጽ ይዞ ሳለ ከደሙ ጋር ስለሚዘዋወር ከጣት ስንወስድ እናገኘዋለን። ሲጎለምስ የያዘውን ሴል ገጽታ ይለውጥና ትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ሌላ ማረፊያ አለው። ቫር2ሲኤስኤ የሚባል ፕሮቲን ያወጣና እንግዴ ልጁ ላይ ካለው ኮንድሮይቲን ሰልፌት ኤ ጋር ይያያዛል። እንግዴ ልጁ በተሕዋስ ታጭቆ ሳለ የጣቷ ደም ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆኖ ሊታይ የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህን ፕሮቲን የሚመክት የሰውነት መከላከያ የሚዳብረው በእርግዝና ጊዜ በወባ በመያዝ ነው። ስለዚህ ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበዛባቸው አገሮች የመጀመሪያው እርግዝና ከሁሉ የከፋ ይሆናል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው እናቲቱ ሕመሙ ብዙም ሳይሰማት ተሕዋሱን ይዛ ልትዞር ትችላለች። ድሬዳዋ እንዲያ ዓይነት ቦታ አይደለችም። ከሳቢያንም ትምጣ ከመጋላ፣ አብዛኛዋ የከተማችን እናት በቂ መከላከያ የላትም፤ አምስተኛ ልጇን ያረገዘችውም ቶሎ ልትጠና ትችላለች። ብዙ ስለወለደች አይከፋባትም ማለት እኛ ጋ አይሠራም።

ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ተሕዋስ በዚህ ዓይነት እንግዴ ልጁ ውስጥ አይከማችም፤ ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ በዚያው እርግዝና ደጋግሞ ይነሣል፤ ደሟን እየቀነሰ የሕፃኑንም ክብደት ያወርዳል። ፋልሲፓረም የሚያመጣው ከዚህ ይከፋል፦ ውርጃ፣ ጊዜው ያልደረሰ ምጥ፣ ሞቶ የሚወለድ ሕፃን፣ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የሚወለድ ልጅ፣ የእናት ሞትም ጭምር።

ወቅቱም እንደ ድሮው አይደለም። ለረጅም ዘመን ወባን የምንጠብቀው ክረምቱ ሲወጣ ነበር፤ በጋ ላይ እንዘነጋዋለን። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ይህን ልማድ አፈረሰችው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪደሃር ታየች። የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶ፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አትጠብቅም። ድሬዳዋ ላይ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ብቻ ቁጥሩ ከ2,400 አለፈ፤ ያውም በደረቁ ወቅት። የተደረገው ምርመራም ወረርሽኙን ከዚችው ትንኝ ጋር አያይዞታል። ስለዚህ በየካቲት ትኩሳት ይዟት የመጣችን ነፍሰ ጡር «አሁን የወባ ጊዜ አይደለም» ብሎ ያለ ምርመራ መመለስ ድሬ ላይ ከእንግዲህ ምክንያት አይሆንም።

ስላይዱ ከማይክሮስኮፕ በፊት

«ቢኤፍ ታዝዟል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ውጤቱ የሚወሰነው ግን ብዙ ጊዜ ማንም ማይክሮስኮፕ ላይ ሳያጎነብስ በፊት ነው።

ደሙ የሚወሰደው ከቀለበት ጣት ጎን ነው። አልኮሉ ሳይደርቅ መውጋት አይገባም፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ በደረቅ ጥጥ ትጠረጋለች። መስታወቱ ላይ ሁለት የደም ንጣፍ (ፊልም) እንሠራለን፤ ለወፍራሙ ፊልም 6 ማይክሮሊትር፣ ለቀጭኑ 2 ማይክሮሊትር ይበቃል። ወፍራሙ ላይ ተሕዋሱን እንፈልጋለን፤ ቀጭኑ ላይ ዓይነቱን እንለያለን። ወፍራሙ 12 ሚሊሜትር ያህል ተዘርግቶ ጋዜጣ ላይ ሲደረግ ፊደሉ በስሱ መነበብ አለበት። ከዚያ ከወፈረ ሲታጠብ ተልጦ ይሄዳል፤ ከሳሳ ደግሞ የምናየው ደም ጥቂት ይሆንና ጥቂት የሆኑት ተሕዋሶች ያመልጡናል። ከነፍሰ ጡር ጣት የምንጠብቀው ደግሞ ጥቂቶቹን ነው።

የእኛ ከተማ ችግር ሙቀቱ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ስላይዱ ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ፀሐይ ላይ ይወጣል፣ ወይም መብራት ሥር ይጠጋል። ሙቀት ቀይ ሴሎቹን እንዳይፈነዱ አድርጎ መስታወቱ ላይ ያጸናቸዋል። ወፍራም ፊልም የሚሠራው ግን ቀይ ሴሎቹ በቀለሙ ውሃ ፈንድተው ሲሄዱና ነጭ ሴሎቹና ተሕዋሱ ሲቀሩ ነው። ካልፈነዱ ተሕዋሱ ከክምሩ ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ አንባቢው ምንም ያህል ቢተጋ አያየውም። ቀጭኑን ለማጽናት የምንጠቀምበት ሜታኖል ወደ ወፍራሙ ቢንጠባጠብ ወይም እንፋሎቱ ቢደርሰው ጉዳቱ ያው ነው። ሳይቀለም ያደረ ወፍራም ፊልምም በሙቀት አገር እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ስላይዱ ጥላ ውስጥ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ከዝንብና ከአቧራ ተከልሎ በራሱ ጊዜ ይድረቅ፤ በዚያው ቀን ይቀለም።

ቀለሙ ጊምሳ ነው። 10 በመቶው በ10 ደቂቃ ያደርሳል፣ 3 በመቶው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። ሴትየዋ የአደጋ ምልክት ካላሳየችና ጊዜ ካለ እኔ የማምነው ቀስ ያለውን 3 በመቶ ነው፤ የተሕዋሱ ቀይ ኒውክለስና ሰማያዊ አካል ጥርት ብለው ይለያሉ። ማቅጠኛው ፒኤች 7.2 የሆነ ባፈር፣ ማለትም የአሲድነት መጠኑ የማይዋዥቅ ውሃ፣ መሆን አለበት። የድሬ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ከባድ ውሃ ነው፤ በእሱ የቀጠነ ጊምሳ የቀለሙን ሚዛን ያበላሻል። የቀጠነው ቀለም ለዕለቱ ብቻ ነው፤ ከቆየ ዝቃጭ ያወጣል፣ ዝቃጩም ተሕዋስ ይመስላል። ሲታጠብ ደግሞ ቀለሙን ዘንብሎ ማፍሰስ ሳይሆን ከላይ ውሃ እየጨመሩ አረፋውን ማስወጣት ይሻላል፤ አለበለዚያ ብረት መሰሉ ስስ ቅባት ፊልሙ ላይ ይተኛል።

ሁለተኛው ስላይድ

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። በማግስቱ የተሠራው ወፍራም ፊልም ጥርት ያለ ነበር፤ የኋላው ሜዳ ንጹሕ፣ ነጭ ሴሎቹ ሐምራዊ። ተሕዋስ የለም። ግን አንዱ ሞኖሳይት (የነጭ ሴል ዓይነት ነው) ውስጥ ቡናማ ወደ ጥቁር የሚጠጋ፣ ማስተካከያውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ነበር። ትንሽ አልፎ ሌላ ሞኖሳይት፣ እንደገና ያው ቅንጣት።

ይህ ሄሞዞይን ነው። ተሕዋሱ ሄሞግሎቢኑን ከበላ በኋላ የሚተወው ቅሪት ነው፤ ነጭ ሴሎች ይውጡታል። የቀለም ዝቃጭ ቢሆን ኖሮ በሴሎቹ ላይም በመካከላቸውም በዘፈቀደ ይበተን ነበር፣ ከሌላ የትኩረት ደረጃ ላይም ይታይ ነበር። ይኸኛው ግን ሴሉ ውስጥ ነው። ትርጉሙም ግልጽ ነው፦ እዚህ አካል ውስጥ የሆነ ቦታ የጎለመሰ ተሕዋስ ሴል እያፈነዳ ነው፣ ወይም በቅርቡ አፈንድቷል፤ እኛ ጣቱ ላይ አላገኘነውም እንጂ።

መቶ ፊልድ (በማይክሮስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ) ተቆጥሮ ተሕዋስ ካልታየ ውጤቱን መጻፍ ይፈቀዳል፤ ደንቡ ይህ ነው። ለነፍሰ ጡር ግን ሌላ መቶ መጨመር የሚያስቆጭ ነገር የለውም። በዚያ በተጨመረው መቶ ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቀይ ነጥብ ያለበት፣ ብቻውን ተገኘ። ቀጥሎ ሌላ። ፋልሲፓረም ነበር፤ ሕክምናዋም በዚያው ሰዓት ተጀመረ።

ብዙ የተጨናነቀ ላብራቶሪ ሃያ ሠላሳ ፊልድ አይቶ እንደሚያቆም የሙያ አጋሮቼ ያውቃሉ። ነቀፋ አይደለም፤ አንድ ሰው ሰማንያ ስላይድ ፊቱ ተደርድሮ ከሁሉም መቶ መቶ ሊያይ አይችልም። የምለምነው ግን የነፍሰ ጡር ስላይድ ከሌላው እንዲለይ ነው። የማዘዣው ወረቀት ላይ «ነፍሰ ጡር» ተብሎ ከነወሩ ቢጻፍ፣ ቀደም ብላ የዋጠችው መድኃኒት ካለም ቢጨመር፣ አንባቢው የት ላይ ጊዜውን እንደሚያጠፋ ያውቃል። ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ሁለት ዙር የወባ ክኒን ውጣ የመጣች ሴት ደሟ ከጣት ቢጠራ አይገርምም። «ምን ወስደሻል?» የሚለው ጥያቄ በለሆሳስ፣ ሳያስፈራራ፣ ባልና አማት በሌሉበት ይጠየቅ።

የቁጥር ነገርም አለ። የተሕዋሱን ብዛት የምናሰላው በ200 ነጭ ሴል አንጻር ቆጥረን፣ ለ200 አካፍለን በ8,000 እያባዛን ነው፤ 8,000 በማይክሮሊትር ደም አለ ተብሎ የሚታሰበው የነጭ ሴል ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ በ200 ነጭ ሴል 40 ተሕዋስ ከተቆጠረ በማይክሮሊትር 1,600 ይሆናል። የነፍሰ ጡር ነጭ ሴል ግን በእርግዝናው ምክንያት ብቻ ከፍ ይላል፣ 12,000 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ያለ ነገር ነው። በ12,000 ብናሰላው ያው ደም 2,400 ይሰጠናል። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ተሠርቶ ከሆነ የራሷን ቁጥር መጠቀም ነው።

ፈጣን መመርመሪያው

አርዲቲ የሚባለው ፈጣን መመርመሪያ ጤና ኬላና ማታ ተረኛ ክፍል ላይ ሕይወት አድኗል። ኤችአርፒ2 የሚባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው ዓይነት ለነፍሰ ጡር አንድ ጥቅም አለው፤ እንግዴ ልጁ ውስጥ የተሸሸገው ተሕዋስ የሚለቀው ፕሮቲን ከደሙ ጋር ስለሚዞር፣ ስላይዱ ባዶ ሆኖ መስመሩ ሊወጣ ይችላል። በተቃራኒው ተሕዋሱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ስለማይጠፋ ሕክምናው ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለማለት አይሆንም። ከዚህም በላይ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጎደለው ፋልሲፓረም አገራችን ውስጥ አለ፤ ከትግራይ፣ ከአማራና ከጋምቤላ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አሳይቶታል። እንዲህ ያለውን ተሕዋስ ኤችአርፒ2 ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ አያየውም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ማንበብና ፒኤልዲኤች የሚባለውን ሌላ የተሕዋሱ ፕሮቲን የሚያሳይ መስመር የያዘ መሆኑን ማረጋገጥ ለዚህ ነው።

በአጠቃቀሙ የሚበላሸው ይበዛል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተከመረ ካርቶን በቀን የሚደርስበት ሙቀት ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ወሰን ሊያልፍ ይችላል። ቦርሳዋ ተቀድዳ የቆየች፣ ውስጥ ያለችው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ቀለሟን የቀየረች ከሆነ ትጣል። ደሙ 5 ማይክሮሊትር ነው፤ ሲበዛ መስኮቱ ይቀላና መስመሩን ይሸፍናል። የአንዱን ኪት ጠርሙስ ለሌላው መጠቀም አይቻልም። ማንበቢያው ሰዓት 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው፣ እንደ ኪቱ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ የወጣ መስመር አይቆጠርም። ደብዘዝ ያለ መስመር በሰዓቱ ከወጣ ግን ወባ አለ ማለት ነው፤ «ትንሽ ወባ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ለነፍሰ ጡር የለም።

ድሬ ላይ ትኩሳት ብዙ ስም አለው

ደንጊ ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019 ወረርሽኝ ሆነው አልፈዋል። ሁለቱን የሚያስተላልፈው ኤደስ የተባለ ትንኝ ከስቴፈንሲ ጋር በአንዱ በርሜል ውስጥ አብሮ ይራባል። ስለዚህ አንዲት ሴት ወባም ደንጊም በአንድ ጊዜ ሊይዛት ይችላል፤ የደንጊ ምርመራዋ ፖዘቲቭ መሆኑ ወባውን አይሰርዝላትም። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት በሁለቱም ይወርዳል። ደንጊው እስኪጣራ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጥም።

ሌላው አሳሳች የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው። ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ማንቀጥቀጡ፣ ማስመለሱ ከወባ አይለይም፤ ጎኗን መታ ሲያደርጉት ታማለች፣ ሽንቷ ውስጥ መግል ሴል ይታያል። የሽንት ምርመራ ከቢኤፍ ጋር አብሮ ካልታዘዘ ምርመራው ጎዶሎ ነው። ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ አንድ ጊዜ በተሠራ ዊዳል ታይፎይድ ነው ተብሎ የወባ ፍለጋው ሲቆም ያሳዝነኛል፤ ምርመራው ድሮ ለተያዘ ሰውም ለሌላ ትኩሳትም ስለሚወጣ እርግዝናን የሚያህል ነገር አይታመንበትም።

ራሷን ስታ ወይም ተንፈራግጣ የምትመጣ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ወባና ኤክላምፕሲያ (ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ የእርግዝና መንፈራገጥ) አንድ ይመስላሉ። የደም ግፊትና የሽንት ፕሮቲን፣ ቢኤፍ፣ የደም ስኳር እኩል ይሠሩ። ስኳሩ ከ40 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ግሉኮስ አሁኑኑ ይሰጣታል፤ ወባ የጠናባት ነፍሰ ጡር ስኳሯ በድንገት ይወርዳልና ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ድጋሚ ምርመራና ከዚያ በኋላ

ስላይዱ ባዶ ከሆነና ትኩሳቱ ካልበረደ በየ12 እስከ 24 ሰዓት እየተደገመ ሦስት ጊዜ ይታይ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው እዚህ ይሠራል። የድጋሚው ቀንና ሰዓት ወረቀቱ ላይ ይጻፍላት፤ በቃል የተነገረ ቀጠሮ ባጃጅ ውስጥ ይረሳል። ሄሞዞይን ከታየ ያም ይጻፍ። የአደጋ ምልክት ካለ ግን፣ ማለትም ራስን መሳት ወይም መንፈራገጥ፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሽንት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደም መፍሰስ፣ የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ሦስተኛ ስላይድ አይጠበቅም። አርቴሱኔት በደም ሥር 2.4 ሚሊግራም በኪሎ ወዲያው፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በየቀኑ ይሰጣል፤ በየትኛውም የእርግዝና ወር።

ላልጠናው ፋልሲፓረም ኮአርተም ነው፤ አራት አራት ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን፣ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ቫይቫክስ ከሆነ ክሎሮኪን ይሰጣታል። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን ለማጥራት ወልዳ ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ይጠበቃል።

ትኩሳት የሌላት ግን በየክትትሉ ሄሞግሎቢኗ የሚወርድ ሴትም አለች። አይረን እየወሰደች ከ11 በታች ወርዶ ከቀጠለ ምግቡን ብቻ ከመጠየቅ አንድ ቢኤፍ መጨመር ይገባል።

በእርግዝናዋ ወባ ታክማ የነበረች ስትወልድ እንግዴ ልጁ ከመጣሉ በፊት በእናት በኩል ካለው ገጽ ትንሽ ተቆርጦ ከውስጡ ከሚወጣው ደም ወፍራምና ቀጭን ፊልም መሥራት ይቻላል። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያተኩሰው፣ ጡት እምቢ ቢል፣ ቢገረጣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ቢሆን የአራስ ኢንፌክሽን ሕክምናው ሳይቆም ከተረከዙ ቢኤፍ ይወሰድ። ከእናቱ በደም የተላለፈበት ወባ የጉበት ደረጃ ስለሌለው፣ ቫይቫክስ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ፕሪማኪን አያስፈልገውም።